የእንግሊዝኛው «ቺፕ» እና የአማርኛው «ርካሽ»፦ የፍቺ ጉዞና የትርጉም መዘዝ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ዝቅተኛ ዋጋን ለመግለጽ በብዛት የሚያገለግለውን «ቺፕ» የተሰኘ ቃል ከተመሳሳይ ቃላቱና ከአማርኛ አቻው ከ«ርካሽ» ጋር ያነጻጽራል። ሁለቱ ቃላት ዛሬ አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ቢመስሉም የመጡበት መንገድ ተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛው ከገበያ ተነሥቶ ወደ ነቀፋ ሄዷል፤ አማርኛው ግን ከርኩሰት ፅንሰ ሐሳብ ተነሥቶ ወደ ገበያ ገብቷል። ስለዚህም በመዝገበ ቃላት አንዱን በሌላው መፍታት ለግብይት ንግግር ቢበቃም፣ ለጤና ትምህርት፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ለሚጻፍ ጽሑፍና ስለ ሰው ጠባይ ለሚነገር ነገር አይበቃም። ጽሑፉ በመጨረሻ ለተርጓሚና ለቋንቋ መምህር የሚሆን ቀላል መለያ ጥያቄ ያቀርባል።

1. መግቢያ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ የጤና ትምህርት በራሪ ጽሑፍ እንዳርም ተሰጥቶኝ ነበር። ጽሑፉ ስለ ጄኔሪክ መድኃኒቶች፣ ማለትም የመጀመሪያው አምራች የባለቤትነት መብት ዘመን ካበቃ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች በዚያው ፈዋሽ ንጥረ ነገርና በዚያው መጠን ስለሚያዘጋጇቸው መድኃኒቶች የሚያስረዳ ነበር። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ «እነዚህ መድኃኒቶች ርካሽ ናቸው፤ ፈዋሽነታቸው ግን እኩል ነው» ይላል። ቋንቋው ለሰሚ ይገባ እንደሆነ ለማየት በዕድሜ ለገፉ ጎረቤቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ እንግዲህ ርካሹ ለእኛ፣ ደኅናው ለሌላው ማለት ነዋ?» አሉኝ።

ተርጓሚው በመዝገበ ቃላት መመዘኛ ስሕተት አልሠራም። በእንግሊዝኛው «ቺፕ» የሚል አለ፤ በአማርኛው «ርካሽ» ተባለ። ነገር ግን አድማጯ የሰሙት የዋጋ መረጃ አልነበረም፤ የሰሙት ፍርድ ነበር። «ግን» የሚለው መስተጻምርም ፍርዱን ሊያነሣው አልቻለም፤ እንዲያውም አጠናከረው።

በሥነ ፍቺ ትምህርት አንድ ቃል በቀጥታ የሚያመለክተውን እማሬያዊ ፍቺ፣ ከዚያ ጋር የሚያሳድረውን ስሜትና ግምት ደግሞ ፍካሬያዊ ፍቺ እንለዋለን። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ «ቺፕ» እና «ርካሽ» በእማሬያዊ ፍቺያቸው ከተስማሙ በፍካሬያዊ ፍቺያቸው የት ላይ ይለያያሉ፣ ለምንስ ይለያያሉ የሚል ነው። የአማርኛ ምሳሌዎቹ ከዕለት ተዕለት ንግግርና ከብዙኃን መገናኛ የተለመዱ አነጋገሮች የተወሰዱ ናቸው።

2. «ቺፕ» ከየት መጣ?

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቼአፕ» ቅጽል ሳይሆን ስም ነበር፤ ፍቺውም ንግድ፣ ግብይት፣ ገበያ ነው። የሥርወ ቃል አጥኚዎች በአብዛኛው ቃሉን ከላቲኑ «ካውፖ» ጋር ያያይዙታል፤ «ካውፖ» ቸርቻሪ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ማለት ነው። የቃሉ ዘመዶች በጀርመናዊ ቋንቋዎች ሁሉ ተሰራጭተው ይገኛሉ። በጀርመንኛ «ካውፈን» መግዛት ነው፤ በስዊድንኛም መግዛትን የሚያመለክተው ግሥ ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የዴንማርክ ዋና ከተማ የኮፐንሃገን ስም የነጋዴዎች ወደብ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍሉም ከዚሁ ቃል ይመዘዛል።

በእንግሊዝ አገርም የቦታ ስሞች ይህን የጥንት ፍቺ ጠብቀዋል። በለንደን የሚገኘው «ቺፕሳይድ» የተባለው ጎዳና በመካከለኛው ዘመን ትልቅ ገበያ ነበር፤ የዳቦ፣ የወተትና የዶሮ ስም የያዙ መንገዶች ዛሬም በዙሪያው አሉ። ይህን ስም በዛሬው ፍቺ የሚያነብ ሰው «ርካሽ ሰፈር» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ትክክለኛው ፍቺ ግን የገበያ ዳር ነው። «ቻፕማን» የተባለው የቤተሰብ ስም ነጋዴ ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝ በወዳጅነት ቃና ለወንድ የሚነገረው «ቻፕ» ከዚሁ ያጠረ ነው።

ታዲያ ገበያ የተባለው ስም እንዴት ዝቅተኛ ዋጋን የሚገልጽ ቅጽል ሆነ? መንገዱ በአንድ ሐረግ በኩል ነበር። በመካከለኛው እንግሊዝኛ ዕቃን በጥሩ ዋጋ የገዛ ሰው «በጉድ ቺፕ ገዛሁ» ይል ነበር፤ በጥሩ ግብይት ገዛሁ ማለቱ ነው። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ያንኑ አሳብ «ቦን ማርሼ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ጥሩ ገበያ ማለት ነው። ሆላንዶችም «ሁድኮፕ» ይላሉ፤ ጥሩ ግዢ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን በ16ኛው መቶ ዘመን ሐረጉ አጥሮ «ጉድ» የሚለው ቀረ፤ «ቺፕ» ብቻውን ቅጽል ሆኖ ቆመ። ይህ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ነው። ምስጋናውን የተሸከመው ቃል ወደቀ፤ ግብይትን ብቻ የሚያመለክተው ቃል ግን የሐረጉን ሙሉ ፍቺ ወረሰ።

ከዚያ በኋላ የፍቺ ዝቅጠት ተከተለ። ዋጋው ዝቅ ያለ ዕቃ ጥራቱም ዝቅ ያለ ነው የሚል ግምት በቃሉ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ሥነ ምግባርን ነካ፦ ድካም ያልተከፈለበት ድል፣ ሌላውን አዋርዶ የሚገኝ ሳቅ፣ ክብርን የሚነካ ድርጊት ሁሉ «ቺፕ» ተባለ። «ቺፐን» የተሰኘው ግሥም ያንኑ መንገድ ተከትሏል። መጀመሪያ ዋጋ መከራከር ማለት ነበር፤ ዛሬ ማርከስና ማዋረድ ነው።

ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በላቲን «ዊሊስ» ዋጋው ዝቅ ያለ ማለት ነበር፤ ከእርሱ የመጣው የእንግሊዝኛው «ቫይል» ግን ዛሬ አስጸያፊና ወራዳ ማለት ነው። በጀርመንኛ «ቢሊሽ» ከሚለው የቀድሞ መልክ የመጣው «ቢሊግ» ደግሞ በመነሻው ተገቢና ፍትሐዊ የሚል ፍቺ ነበረው። በኋላ ፍትሐዊ ዋጋ፣ ከዚያም ዝቅተኛ ዋጋ፣ በመጨረሻም ጥራት የጎደለው ማለት ሆነ። በዚህም ምክንያት የጀርመን ነጋዴ ዕቃውን ሲያስተዋውቅ ብዙ ጊዜ ይህን ቃል ትቶ ዋጋው የሚገባው ወይም አመቺ የሚሉ ፍቺዎች ያሏቸውን ሌሎች ቃላት ይመርጣል።

3. የ«ቺፕ» ተመሳሳዮች ምን ይመዝናሉ?

ክሩዝ የተባለው የሥነ ፍቺ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለት ቃላት ተለዋውጠው ሲገቡ የዐረፍተ ነገሩ እውነትነት የማይለወጥ ከሆነ አንድ ዓይነት ተመሳሳይነት እንዳላቸው ያስረዳል፤ ይሁንና ከዚያ ባሻገር የሚቀር የስሜትና የአገባብ ልዩነት ይኖራል። የ«ቺፕ» ተመሳሳዮች የሚለያዩት በዚህ በቀረው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚመዝን ስንጠይቅ አራት ወገን እናገኛለን።

የመጀመሪያው ወገን ዋጋውን ብቻ ይመዝናል። «ኢንኤክስፔንሲቭ» ውድ ያልሆነ ማለት ነው። ስለ ዕቃው ጥራት አንዳች አይናገርም፤ ስለዚህም ሻጭ ሳይፈራ ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው ወገን ዋጋውን ከሌላ ነገር ጋር ያመዛዝናል። «ሪዝነብል» ዋጋውን ከዕቃው ጋር ያነጻጽርና ተገቢ ነው ይላል። «አፎርደብል» ከገዢው አቅም ጋር ያነጻጽራል። «ኢኮኖሚካል» ከጊዜ ጋር ያነጻጽራል፤ ሲገዛ ውድ የሆነ መኪና ነዳጅ ቆጣቢ ከሆነ በዚህ ቃል ሊጠራ ይችላል፤ «ቺፕ» ግን አይባልም። «ባርጌን» ዕቃው ከሚያወጣው በታች መሸጡን ያመለክታል፤ ስለዚህ ገዢውን ብልህ ያደርገዋል።

ሦስተኛው ወገን ዕቃውን ይነቅፋል። «ሾዲ» አሠራሩ የተበላሸ፣ «ታኪ» ደግሞ ለዓይን ወራዳ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ውድ ለሆነ ዕቃም ሊነገሩ ይችላሉ።

አራተኛው ወገን ሰውን ይነቅፋል። በተለይ በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ቺፕ» የተባለ ሰው ገንዘብ ማውጣት የማይወድ ሰው ነው፤ ተመሳሳዩም «ስቲንጂ» ነው።

«ቺፕ» ከአራቱም ወገን ጋር መጋጠም መቻሉ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። አንባቢው የትኛው እንደታሰበ የሚያውቀው አብረውት ከመጡት ቃላት ነው። ቲኬት «ቺፕ» ሲባል ዋጋ ነው፤ ጫማ ሲባል ዋጋ ወይም ጥራት ነው፤ ቀልድ ሲባል ነውር ነው፤ አጎት ሲባል ንፍገት ነው።

4. «ርካሽ» ከየት መጣ?

የአማርኛው «ርካሽ» ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ይጀምራል። በግዕዝ «ረኵሰ» የሚለው ግሥ ዋና ፍቺ ንጹሕ አለመሆን፣ መርከስ ነው፤ «ርኵስ»ም ያልተቀደሰ፣ ሊነካ የማይገባ ማለት ነው። ቃሉ የሥርዓትና የእምነት ቃል እንጂ የገበያ ቃል አልነበረም። በአማርኛ ግን ይኸው ሥር ሁለተኛ ሥራ ያዘ፦ የዋጋን መውረድ መግለጽ።

የዛሬው አማርኛ ሁለቱን ፍቺዎች በቅጽል ደረጃ ይለያቸዋል። ዋጋው የወረደው «ርካሽ» ነው፤ ንጽሕና የጎደለው «ርኩስ» ነው። «ርኩስ ሽንኩርት» ብሎ ዋጋን የሚገልጽ ተናጋሪ የለም። በግሥ ደረጃ ግን ድንበሩ ይጠፋል። «ዘንድሮ ሽንኩርት ረከሰ» እንላለን፤ «ቦታው ረከሰ» ስንል ደግሞ ሌላ ነገር ማለታችን ነው። አድራጊው ግሥ «አረከሰ» ይበልጥ ግልጽ ነው። ነጋዴ ዋጋ ሲያረክስ ገዢ ይደሰታል፤ ሰው ቤተ መቅደስ ሲያረክስ ኃጢአት ነው። ስለዚህ «ርካሽ» የሚለውን ቅጽል የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ከጀርባው ያለውን ግሥና የግሡን ሁለት ፊት ይዞ ይሰማዋል።

የተቃራኒው ቃል አካሄድ ይህን ያጠናክራል። «ውድ» ከ«ወደደ» የተገኘ ነው። «ተወደደ» ማለት ፍቅር አገኘ ማለትም ነው፤ ዋጋው ናረ ማለትም ነው። ደብዳቤ «ውድ እናቴ» ብሎ ይጀምራል፤ ዜና ደግሞ «የኑሮ ውድነት» ይላል። በዚህ በኩል እንግሊዝኛው በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰላል። «ዲር» የተባለው ቃልም ከጥንት ጀምሮ የተወደደና ዋጋው ከፍ ያለ የሚሉትን ሁለቱን ፍቺዎች ይዟል፤ በደብዳቤ ራስጌም ይቆማል። ልዩነቱ በጥንዱ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ የፍቅር ቃል የሆነው «ዲር» የተጣመረው ከገበያ ቃል ጋር ነው። በአማርኛ ሁለቱም ከገበያ ውጭ የመጡ ናቸው፦ አንዱ ከፍቅር፣ ሌላው ከርኩሰት። የአማርኛ የዋጋ መለኪያ ሁለቱም ጫፎች ከመጀመሪያው ስሜትና ፍርድ የተሸከሙ ናቸው።

ይህን በአንድ የተለመደ አነጋገር ማየት ይቻላል። «ርካሽ ተወዳጅነት» የሚለው ሐረግ የሁለቱን ሥሮች ልጆች አጣምሯል፤ ሆኖም ስለ ዋጋ የሚናገር ምንም የለበትም። «ርካሽ ፕሮፓጋንዳ» እና «ርካሽ ፖለቲካ»ም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ሐረጎች «ርካሽ» እና «ቺፕ» ፍጹም ይስማማሉ። ተርጓሚን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ በገበያና በነቀፋ የተስማሙ ቃላት በሁሉም ቦታ የሚስማሙ ይመስሉታል።

5. የማይስማሙባቸው ቦታዎች

ሀ. ሰው ሲገለጽ። አሜሪካ የሚኖር ዘመዱ ስለ ሦስተኛ ሰው «ቺፕ ነው» ብሎ የጻፈለት አንባቢ «ርካሽ ሰው ነው» ብሎ ቢረዳ ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ይችላል። እንግሊዝኛው ንፉግ ነው፣ እጁ አይፈታም ማለቱ ነው። በአማርኛ «ርካሽ ሰው» ግን ክብር የሌለው፣ ለጥቅም ራሱን የሚያዋርድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ገንዘቡን አይሰጥም፤ ሁለተኛው ራሱን ይሰጣል። ትክክለኛዎቹ አቻዎች «ስስታም»፣ «ንፉግ» ወይም «ቆንቋና» ናቸው።

ለ. ጉልበት ሲገለጽ። «ቺፕ ሌበር» የሚለው ሐረግ በኢንቨስትመንት ጽሑፎች «ርካሽ የሰው ኃይል» ወይም «ርካሽ ጉልበት» ተብሎ ይተረጎማል። እዚህ ላይ ቅጽሉ የሚያርፈው በዕቃ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። «ዝቅተኛ ደመወዝ» ብንል ዝቅተኛነቱ በክፍያው ላይ ያርፋል፤ ከጀርባውም ከፋይ እንዳለ ያስታውሳል። «ርካሽ ጉልበት» ስንል ግን ከፋዩ ይሰወራል፤ ርካሽነቱም የሠራተኛው ባሕርይ ይመስላል። ብዝበዛን የሚተች ጸሐፊ ቃሉን ሆን ብሎ ሊይዘው ይችላል፤ ትችቱ ቃሉን ይፈልገዋልና። ባለሀብትን የሚጋብዝ ጽሑፍ ግን ያንኑ ቃል ሳያስበው ሲጠቀም በራሱ ዜጎች ላይ የሚናገረውን ነገር ሊያውቀው ይገባል።

ሐ. መድኃኒትና አገልግሎት ሲገለጽ። የጎረቤቴ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዋጋ በመድኃኒት ላይ ያለን እምነት ሊለውጥ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በወጣ አጭር ጥናት 82 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ምንም ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። ለግማሾቹ የክኒኑ ዋጋ 2.50 ዶላር እንደሆነ፣ ለቀሩት ደግሞ ወደ 10 ሳንቲም እንደተቀነሰ ተነገራቸው። ከመጀመሪያዎቹ 85.4 በመቶ ሕመማቸው እንደቀነሰ ተናገሩ፤ ከሁለተኛዎቹ ግን እንዲህ ያሉት 61 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የመረመረው ዋጋን እንጂ ቃልን አይደለም። ሆኖም የዋጋ ቁጥር ብቻውን ይህን ያህል ካደረገ፣ ዋጋውን ከነፍርዱ የሚያቀርብ ቃል በጤና ትምህርት ውስጥ ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገመት አያዳግትም።

መ. «ርካሽ» የግድ የሚያስፈልግበት ቦታ። ከዚህ ተነሥቶ ቃሉን በሁሉም ቦታ መሸሽ ሌላ ስሕተት ነው። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪሽ ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ንስሓ የሌለበትን የይቅርታ ስብከት «ቢሊግ» ጸጋ ብሎ ጠርቶታል፤ በእንግሊዝኛ «ቺፕ» ጸጋ ተብሎ ይታወቃል። ይህን «በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ ጸጋ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የደራሲውን ነቀፋ ያጠፋዋል። እዚህ «ርካሽ ጸጋ» ትክክል ነው፤ ነቀፋውም ምስሉም በአንድነት ይሻገራሉና። ተቃራኒውንም «ውድ ጸጋ» ስንለው፣ አማርኛው ዋጋ የተከፈለበትና የተወደደ የሚሉትን ሁለቱንም ይሰጣል።

6. የአማርኛ ተመሳሳዮችና ዕድሜያቸው

ነቀፋን ሳይጨምር ዝቅተኛ ዋጋን የሚገልጽ አነጋገር በአማርኛ አይጠፋም። «ዝቅተኛ ዋጋ» ዋጋውን ብቻ ይናገራል። «ተመጣጣኝ ዋጋ» ከ«ሪዝነብል» ጋር፣ «አቅምን ያገናዘበ» ከ«አፎርደብል» ጋር፣ «ወጪ ቆጣቢ» ከ«ኢኮኖሚካል» ጋር ይቀራረባሉ። «ቅናሽ» የቀድሞውን ዋጋ ያስታውሳል። የሚስተዋለው ነገር እነዚህ አብዛኛዎቹ ሐረጎች እንጂ ነጠላ ቅጽሎች አለመሆናቸው ነው። በንግግር ፍጥነት ነጠላው «ርካሽ» ያሸንፋል።

ሌላም ችግር አለ። ነቀፋን ለመሸሽ የተመረጠ ቃል በአገልግሎት ብዛት ራሱ ሊያረጅ ይችላል። «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለው ሐረግ በሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ላይ ከመጻፉ የተነሣ ዋጋው በእርግጥ ተመጣጣኝ መሆኑን ለገዢው አያረጋግጥለትም። ስለዚህ መፍትሔው አንድ የተፈቀደ ቃል መርጦ በሁሉም ቦታ መለጠፍ ሊሆን አይችልም።

7. ማጠቃለያ

«ቺፕ» ከገበያ ስም ተነሥቶ፣ ምስጋናውን የያዘውን ቃል በመንገድ ጥሎ፣ ወደ ነቀፋ ወረደ። «ርካሽ» ከርኩሰት ሥር ተነሥቶ ወደ ገበያ ገባ፤ ነቀፋውን ግን ከግሡ ጋር ይዞ መጣ። ሁለቱ ዛሬ በግብይትና በፖለቲካ ነቀፋ ይገናኛሉ፤ በሰው ጠባይ ይለያያሉ፤ በጉልበትና በመድኃኒት ደግሞ የተገናኙ መስለው ያሳስታሉ።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ምክር አጭር ነው። ተርጓሚም ሆነ መምህር «ቺፕ»ን ሲያገኝ አስቀድሞ «ዝቅ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ዝቅ ያለው ዋጋው ብቻ ከሆነ ዋጋውን ይጥራ። ዝቅ ያለው ጥራቱ ወይም ክብሩ ከሆነ «ርካሽ» ይበል። ዝቅ ያለው የሰውየው ቸርነት ከሆነ «ንፉግ» ይበል። ለተማሪም «ቺፕ ማለት ርካሽ ነው» ብሎ ከማስጠናት ይልቅ ቃሉን ከጫማ፣ ከቀልድና ከአጎት ጋር እያጣመሩ ማሳየት ይሻላል።

በራሪ ጽሑፉን ስመልስ ዐረፍተ ነገሩን እንዲህ አርሜው ነበር፦ «እነዚህ መድኃኒቶች የሚይዙት ፈዋሽ ንጥረ ነገር ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፤ መጠኑም እኩል ነው። ዋጋቸው ዝቅ ያለው አዲስ መድኃኒት ለማግኘት የወጣውን የምርምር ወጪ አምራቾቹ ዳግመኛ ስለማያወጡ ነው።» ለጎረቤቴም ደግሜ አነበብሁላቸው። በዚህ ጊዜ የጠየቁኝ ለማን እንደሆነ አልነበረም፤ የት እንደሚገኝ ነበር።